ከድንጋዩ ወዲያ የበቀለው ናና

ልጆቹ ንገሪን ብለው ስለያዙኝ ነው የምናገረው። የልጄ ልጆች ናቸው፤ ትልቋ እየሰማች ትጽፋለች፣ ትንሿ እየሰማች ትስቃለች። ነገሩን ያነሣው ናና ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ልጄ ከመቱ ገበያ የናና ሥር ገዝታ መጣች፤ ጓሮ ወርዳ መሬቱን መቆፈር ስትጀምር እኔ ከተቀመጥኩበት ዘልዬ እጇን ያዝኩት።

“መሬት ላይ አይደለም! ቆርቆሮ አምጪ፤ ቆርቆሮ ውስጥ ነው!”

“አኮ፣ ናና እኮ ነው! ጅብ አደረግሽው እንዴ?” አለች ትንሿ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ እዚህ ቤት ሌላ መጠሪያ የለኝም።

እናታቸው ግን አልሳቀችም። መቆፈሪያውን ጣል አድርጋ ቆርቆሮ ልትፈልግ ገባች። ልጆቹ ያን ጊዜ ነው ነገር እንዳለ የገባቸው። “እማዬም ታውቀዋለች ማለት ነው። ምንድን ነው? በይ ንገሪን” ብለው ግራና ቀኝ ተቀመጡ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የራሴ የምለው ቤትም ይዤ አላውቅም፤ ዕድሜዬ በሰው ጓሮና በኪራይ ቤት ነው ያለቀው። ከአንዱ ከተማ ወደ አንዱ ስዞር ግን ናናዬም አብሮኝ ይዞራል። ሥሩን የሰጠችኝ ኡካ ገበያ ዳር ሻይ የምታፈላ ሙስሊም ሴትዮ ናት። ያኔ ባሌ በሕይወት አለ፤ ጨውና ሳሙና እየያዘ በየገበያው ይዞራል፣ እኔም ከኋላው እዞራለሁ። ሴትየዋ ሥሩን በወተት ዱቄት ቆርቆሮ አድርጋ ሰጠችኝና “ይኼን ይዘሽ የትም ሂጂ፤ ሆን ብለሽ ካልገደልሽው አይሞትብሽም” አለችኝ። ስለ ናናው እውነቷን ነበር።

ባሌ ግን ሞተ። ዳሪሙ ገበያ ሄደን ሳለ ነው የታመመው። መንገዱ የእግር መንገድ ነው፤ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና እስከሚደርስበት ድረስ አወጡት። መኪናው ዛሬ ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እየተባለ፣ ዝናቡ ላዩ ላይ እየወረደበት ነፍሱ ወጣች። ያወጡት ሰዎች መልሰው ተሸክመው ቀበሩልኝ። ከዚያ በኋላ እኔና ልጄ የምንገባበት አልነበረንም። የባልሽ ታላቅ እህት መቱ ቤት አላት አሉኝ። ባሌ ስለ እህቱ ብዙ አያወራም ነበር፤ ተኳርፈው መለያየታቸውን ብቻ ነው የማውቀው። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ልጄን አዝዬ፣ ቆርቆሮዬን አንጠልጥዬ፣ በጭነት መኪና ጀርባ መቱ ገባሁ።

እትዬ ነበር የምላቸው፤ አሁንም እትዬ ነው የምላቸው። ስደርስ ቤቱ ለወንድማቸው በሚያለቅስ ሰው ተሞልቷል። እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከመካከል ተቀምጠዋል። ቀና ብለው መጀመሪያ ያዩት እኔን አይደለም፣ ልጄንም አይደለም፤ ቆርቆሮውን ነው።

“ይኼ ምንድን ነው?”

“ናና ነው፣ እትዬ።”

“ወንድሜን ቀብረሽ ሣር ይዘሽልኝ መጣሽ?”

ለቅሶ ደራሹ ባይኖር ኖሮ ከበር ይመልሱን ነበር። በሰው ፊት ስለሆነ ግን ማገዶ የሚቀመጥበትን የጓሮ ክፍል በጣታቸው አሳዩን። እንጨቱን ወደ አንድ ጥግ ገፍተን፣ ከእንጨቱ ጋር አብረን ተኛን።

ግቢውን ልንገራችሁ። ፊት ለፊት ቆርቆሮ ቤቱ አለ። ከኋላው አቮካዶ፣ ከአቮካዶው አጠገብ የኛ ክፍል። ከክፍላችን ጥግ ጀምሮ መሬቱ ቁልቁል ይወርድና ጎረቤታችን ጋሼ አጥር ላይ ይቆማል። ያ ታችኛው መሬት ባዶ ነው፤ ጎመን የለበት፣ ቡና የለበት፣ ሣር ብቻ። የጋሼ ላም ትግጥበታለች። መቱ ውስጥ፣ ሰው ለአንድ ስንዝር በሚጣላበት ከተማ፣ ያን የሚያህል መሬት ለሰው ላም መተዉ ገርሞኝ እትዬን ደግ ናቸው ብዬ ነበር። እስኪ ጉድ በሉ፤ ደግ ያልኳቸው በዚያ ነው።

እትዬ እጃቸውን አንሥተው አያውቁም። ምላሳቸው ይበቃቸዋል። አጥባለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ “ከገጠር ያስመጣኋት ሠራተኛ ናት” ይላሉ።

“ደህና ሰው ትመስላለች” አለቻቸው አንድ ቀን አንዷ እንግዳ።

“እጇ ደህና ነው” አሉ። “የጎደላት ከአንገት በላይ ነው።” ሁለቱም ሳቁ። እኔም ስኒ እያነሣሁ ነበርና፣ ፊታቸው ቆሜ ፈገግ አልኩ።

ልጄ ትምህርት ቤት ገብታለች። ትምህርቱ በኦሮምኛ ከሆነ ገና ብዙም አልቆየም፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የየሱቁን ጽሑፍ ጮክ ብላ እያነበበች ነበር የምትመጣው። እትዬ ከበረንዳቸው ሆነው “አንብቢ፣ አንብቢ፤ የሙት ልጅ ሚኒስትር ትሆናለሽ። እስከዚያ ግን እናትሽ እግሬን ትጠብ” ይሏታል። ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ ከነጭራሹ ማንበቧን ትታ ዝም ብላ መምጣት ጀመረች።

ይኼን ሁሉ የቻልኩት ለዚያች ክፍል ብዬ ነው። ከእሷ ከወጣን የሚያስገባን የለም፤ የልጄም ትምህርት እዚያው ላይ ይቆማል። ይኼን እኔ አውቃለሁ፣ እትዬም ያውቃሉ፣ ልጄም ያኔ በዚያ ዕድሜዋ ታውቀው ነበር።

ናናው መጀመሪያ ሊሞትብኝ ነበር። የኢሉባቦር ዝናብ የሚያባራ አይደለም፤ ሲዘንብ ይከርማል፣ ሳይዘንብም አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። እኔ ሞኟ ውኃ ይወዳል ብዬ ቆርቆሮውን ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር አኖርኩት። ሥሩ በሰበሰ፣ ቅጠሉም ከጀርባው እንደ ዝገት ያለ ብጫ ነጥብ አወጣ። ከዚያ ነው የተማርኩት። የቆርቆሮውን ታች በምስማር በሳሳሁት፣ ከመሬት በድንጋይ ከፍ አደረግሁት፣ የጧት ፀሐይ የሚያገኝበት፣ ከሰዓት ደግሞ የአቮካዶው ጥላ የሚያርፍበት ቦታ አስቀመጥኩት። ዝገት የያዘውን ሁሉ እስከ ሥሩ አጭጄ ከግቢ አስወጣሁ። አበባ ላውጣ ሲል ጫፉን እቀነጥበዋለሁ፤ ከቀነጠባችሁት በጎን ይበዛል። ናና ሲጨክኑበት ነው የሚያምርበት።

በዛ። እንደዚያ ሲበዛ መንገድ ዳር ያሉት ሻይ ቤቶች ይቀበሉኝ ጀመር፤ የልጄ ደብተርና ሳሙና ከእሱ ወጣ። ኋላ ቆርቆሮው ዝጎ ፈራረሰ። ሌላ እስካገኝ ብዬ ሥሩን ከክፍላችን ግድግዳ ሥር መሬት ላይ ተከልኩት።

እትዬ በማግስቱ አዩት።

“ማን ትከዪ አለሽ?”

“ቆርቆሮው ፈረሰብኝ፣ እትዬ። ሌላ እስካገኝ ነው።”

የቀን ሠራተኛ ጠርተው ከክፍላችን ጥግ ጀምሮ ግቢውን አቋርጦ የሚሄድ ድንጋይ አስደረደሩ። ድንጋዩ ሲያልቅ ወደ አጥሩ ሄደው ጋሼን ጠሩ። ጋሼ ላማቸውን ትተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው መጡ።

“ጋሼ፣ ይስሙልኝ! ይቺ ሴት ከዚህ ድንጋይ ወዲህ፣ ከግድግዳው ሥር ትትከል፤ ምን አገባኝ። ከድንጋዩ ወዲያ ግን ምንም አትተክልም። አንዲት ቅጠሏን ወዲያ ያየሁ ቀን ልጇን ይዛ ትወጣለች። ሰምተዋል?”

ጋሼ ድንጋዩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው መሬት መሬት አዩ። “ሰምቻለሁ” አሉ።

“ለናና ምስክር?” አለች አሁን ትንሿ የልጅ ልጄ። ልክ ነሽ፤ እኔም ያኔ እንደዚያ ብዬ በሆዴ ስቄያለሁ። በዚያው ሰሞን ውኃ የምንቀዳበት ቦታ ሴቶች ስለ ሁለት ወንድማማቾች የመሬት ጠብ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ቡናውን የተከለው ማነው ብለው ጠየቁ፣ ለተከለው ፈረዱለት። እዚህ አገር እንደዚያ ነው፤ መሬት ሲያጣላ ቀድሞ የሚጠየቀው የተከለው ማነው ተብሎ ነው። ሰማሁና እንስራዬን አንሥቼ ሄድኩ። የሰው ጠብ ነው፤ እኔ ምን መሬት አለኝ?

ናና እንደሆነ ድንጋይ አያውቅም። ላዩን ስታዩት ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላችኋል፤ ከሥር ግን ይሮጣል። ሥሩ እንደ ክር እየረዘመ ሄዶ ሄዶ፣ ያላሰባችሁት ቦታ ላይ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። ደረቅ አገር ቢሆን ቀስ ይላል፤ እዚህ ሙቀቱና እርጥበቱ አንድ ላይ ሆነው ያጣድፉታል። እነቅለዋለሁ ብል ደግሞ የምንበላው ከእሱ ነው። ስለዚህ ጧት ጧት ልጄን ወደ ትምህርት ቤት ሸኝቼ፣ ቢላዋ ይዤ ድንጋዩ ሥር እንበረከካለሁ። አፈሩን እየጫርኩ ሯጭ ሥሩን እቆርጣለሁ፤ የቆረጥኩትን ለቅሜ እሳት ውስጥ እጨምራለሁ፤ ጥዬው ብሄድ ባረፈበት ሥር ይሰዳል። እትዬ ጃንጥላቸውን ይዘው ከኋላዬ ይመጣሉ። በጃንጥላቸው ጫፍ “እዚያ! እዚያ ደግሞ! ዓይንሽን ለማን አበደርሽው?” ይላሉ።

አንድ ቀን የሰው ልብስ ሳጥብ ቆይቼ ስመለስ፣ ልጄ ድንጋዩ አጠገብ ቆማለች። እትዬ ከፊቷ ናቸው። እጃቸው ላይ ከነአፈሩ የተነቀለ ናና አለ፤ የልጄ አፍ አረንጓዴና ጭቃ ሆኗል።

“ናናችሁ ወዲያ ማዶ ሊሻገር ሲል ያዝኩት” አሉኝ። “በያዝኩት ቁጥር ትበላዋለች። ጉንጭሽን አትንፊ፣ ዋጪ!”

ልጄ ዋጠች፤ ወዲያው መልሶ ወጣባት።

“እትዬ፣ ለእኔ ይስጡኝ። እኔ ልብላው።”

“አንቺማ ብዪ” አሉና የቀረውን መዳፌ ላይ ጣሉት። “ሣር ለምደሻል።”

በላሁት። አፈሩ ጥርሴ ውስጥ ተንቀጫቀጨ። ልጄ እያየችኝ ነበር። እትዬ ጨርሼ እስክውጥ ቆመው ጠበቁና “ዛሬን ማርኩ፤ ለልጅቷ ብዬ ነው” ብለው ገቡ።

ያን ዕለት ጋሼ ከአጥራቸው ማዶ ልጄን ጠሯት። በኩባያ ወተት አቀበሏት። “ጠጪ፣ የኔ ልጅ፤ አፍሽን ይጠብልሽ” አሏት። ከዚያ ቀን ወዲያ ላሟ ስትታለብ ሁሌ ይሰጧት ነበር። እኔም በዚያ ግቢ ዙሪያ አንድ ሰው አለ ብዬ ጋሼን መረቅኋቸው።

ከዚያ ወባ ያዘኝ። ዝናቡ በጠናበት ወር ነው። ትኩሳቱ ያነሣኛል፣ ብርዱ ይጥለኛል፤ ቢላዋ ቀርቶ ማንኪያ መያዝ አቃተኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ቀርታ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ትይዛለች። “ናናውን እዪው፣ ድንጋዩን እዪው” እላታለሁ፤ ወጥታ ልታይ ስትል ደግሞ ያንቀጠቅጠኝና ትመለሳለች።

የተሻለኝ ቀን ግድግዳ ይዤ ወጣሁ። ናናው ከድንጋዩ ወዲያ ማዶ፣ ሣሩ መካከል፣ ብቅ ብቅ ብሏል። ዝናብ አጥቦት ያብረቀርቃል። እንደዚያ አምሮበት አይቼው አላውቅም። እትዬ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል፤ ጋሼም ተጠርተው በአጥሩ በኩል ቆመዋል።

“ይኼ ምንድን ነው?”

“ታምሜ ነው፣ እትዬ። አሁን እነቅለዋለሁ።”

“አልነካሽውም! የጠየቅሁሽን መልሺ። አንቺ ነሽ የተከልሽው ወይስ ራሱ ነው የመጣው?”

የሚያድነኝ መልስ መሰለኝ። “እኔ አልተከልኩትም፣ እትዬ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፤ ራሱ ነው የመጣው። እዚያ መሬት ላይ እጄን አላሳረፍኩም።”

እትዬ ወደ አጥሩ ዞሩ። “ጋሼ፣ ሰምተዋል? አልተከልኩም፣ እጄን አላሳረፍኩም ብላለች።”

“ሰምቻለሁ” አሉ ጋሼ።

“እንግዲህ ውጪ።”

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። “ትምህርቷን እስክትጨርስ፣ እትዬ! እኔ ከላሟ ጋር ልደር፣ እሷን ብቻ ያስጠጓት!”

“የቷን እሷን? ሣሩን ነው ልጅሽን?” ብለው እግራቸውን ሳቡ።

ልጄ ከኋላዬ መጥታ ብብቴ ሥር እጇን አስገብታ አነሣችኝ። ብርድ ልብሳችንን ጠቀለለች። አንድ ያረጀ የዘይት ቆርቆሮ አግኝታ ከግድግዳው ሥር የናና ሥር ነቅላ ጨመረችበት። ስንወጣ ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁልን።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም በከፊል ታውቁታላችሁ። ጎሬ ተቀመጥን፣ ወደ ኡካ ተመለስን፤ ያቺ ሻይ የምታፈላዋ ሴትዮ ሞታ ጠበቀችኝ። በደሌ ሄድን፣ ደግሞ ጎሬ። በየሄድኩበት ናናዬን ቆርቆሮ ውስጥ ነው የማበቅለው፤ የሰው መሬት አላስነካውም። የልጄ ትምህርት በየከተማው እየተቆራረጠ ስምንተኛ ላይ ቀረ። እናታችሁ ፊደሉን ማንበብ አላቃታትም፤ ጮክ ብላ ስታነብ ግን ሰምታችኋታል?

ልጄ መቱ ስታገባ እኔም ተከትያት መጣሁ። ከተማው ተለውጦ፣ ባጃጁ በዝቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶበት ደረስኩ። እትዬ አልጋ ላይ ናቸው፣ የሚጠይቃቸው የለም ሲሉኝ ሄድኩ። ግቢው ስገባ ሽታው ነው የተቀበለኝ። ታችኛው መሬት ከድንጋዩ እስከ ጋሼ አጥር ድረስ ናና ነው። ሣር የለም፣ ላምም የለችም። እትዬ የፈላ ውኃ ደፍተውበታል አሉ፣ ላምባ ደፍተውበታል፣ በቀን ሠራተኛ አስቆፍረውታል፤ በተቆፈረ ቁጥር ሥሩ እየተቆራረጠ ብሶበታል።

እትዬ አጥንት ሆነዋል። ሰውነታቸውን አጠብኳቸው፣ ጥፍራቸውን ቆረጥኩላቸው። ሻይ አፍልቼ ከዚያው ናና ጣል አድርጌ ደግፌ አጠጣኋቸው። እስከ መጨረሻው ጠጡት።

“ስኳር አንሶታል” አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው “ሣርሽን ነቅለሽ ሂጂ” አሉኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ግቢውንም ሩቅ አገር ያለ ዘመድ መጥቶ ወረሰ፣ ሸጠውና ሄደ።

ጋሼ ከእሳቸው በኋላ ብዙ ዓመት ቆዩ። ዓይናቸው ጠፋ። ልጄ እስከ ዛሬ ስማቸውን የምታነሣው በዚያ ወተት ነው፤ እኔም በእሱ ምክንያት አልፎ አልፎ ሄጄ እጠይቃቸው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ድምፄን ሲሰሙ ከቆዩ በኋላ፣ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ።

“ያ ታችኛው መሬት የባልሽ ነበር” አሉኝ። “እናታቸው ልትሞት ስትል እኔን አቁማ ነው ያካፈለቻቸው። ቤቱ ለሴቷ፤ ከጓሮዋ ክፍል ጥግ እስከ እኔ አጥር ለወንዱ። ድንበሩ ድንጋዩ የተደረደረበት ነው። አንድ ነገር ተክለሽበት ብትገኚ፣ ሽማግሌ የተከለው ማነው ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ እኔም እጠየቃለሁ። እሷ የፈራችው ይኼንን ነው።”

“ታዲያ ጋሼ፣ እርስዎ ለምን ዝም አሉ?”

በታወረው ዓይናቸው ወደ አጥሩ በኩል ዞሩ።

“ላሜ እዚያ ትግጥ ነበር” አሉ። “እርስዎ ዝም እስካሉ ድረስ ትጋጥ አለችኝ። ላም ደግሞ ናና አትበላም።”

ለልጄ በኩባያ ይሰጧት የነበረው ወተት ከአባቷ መሬት ሣር የወጣ ነበር።